በጣና ገዳማትም ሊጥ ይቦካል

የጣና ደሴቶቹ ገዳማት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ከባሕር ዳር በጀልባ የሚሄዱ እናቶች ክብራንን ከዳር ሆነው ተሳልመው ያልፋሉ። ማዶ ግን ሰው ይኖራል፤ ሰው ከኖረ ደግሞ ይበላል። እህሉን የሚለቅሙት፣ ውኃውን የሚቀዱት፣ እሳቱን የሚያነዱት፣ ቤቱን የሚጠርጉት መነኮሳቱና ረድኦቻቸው ናቸው። በገዳም ማዕዱንና እህል ቤቱን የሚያስተዳድረው አባት መጋቢ ይባላል፤ ንዋዩን የሚጠብቀው ደግሞ ዕቃ ቤት ይባላል። ይህ ሹመት ነው። ተሿሚው ተባርኮ ይገባበታል፣ ሲወጣም ያስረክባል። "ሥራ የለውም፣ ጓዳ ነው የሚውለው" የሚለው ሰው የለም።

ወደ አጥቢያችን እንምጣ። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ቤተ ልሔም አለ። ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት እዚያ ይዘጋጃል፤ ሊጡን የሚያቦካውና የሚጋግረው የክህነት አገልግሎት ያለው ሰው ነው። ዱቄትና ውኃ መለወስ፣ እሳት መጠበቅ፣ ጋግሮ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን የቅዳሴው መጀመሪያ ነው። ከዚያ ቅዳሴ አስቀድሳ የወጣች እናት ግን በር ላይ "አሁን ሥራ አለሽ?" ብለው ሲጠይቋት "የለኝም፣ ቤት ነኝ" ትላለች። ቤቷ ደግሞ ቡሃቃ ሙሉ ሊጥ ይጠብቃታል።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ የክርስቲያን እናት የቤት ሥራ እንደ መጋቢነት ይያዝ። መጋቢነት እውቀት ይጠይቃል፣ ሰዓት አለው፣ ልክ አለው፣ ዕረፍት አለው፣ ለሠራው ሰውም ክብርና ድርሻ አለው። በዓመት አንድ ቀን "እናት ዓለም ናት" ብሎ አበባ መስጠት መልካም ነው፤ የሥራውን ክብደት ግን አያሳይም። ክብደቱ የሚታየው ሥራው ራሱ ሲገለጥ ነው። ስለዚህ ከሊጡ እንጀምር።

ባሕር ዳር ጤፉ በአብዛኛው ከጎጃም ይመጣል፤ የአዴት ጤፍ ስሙ የታወቀ ነው። ማኛው ለእንግዳ ያምራል፤ ቀይና ሰርገኛው ደግሞ በዋጋም ይቀላል፣ ለሚያድግ ልጅም ይሻላል፣ ብረት አለውና። ከጣና ምሥራቅ የፎገራ ሜዳ ሩዝ ያበቅላል፤ ብዙ ቤት የጤፉን ዋጋ ለመቋቋም ሩዝ ይቀላቅላል። ሦስት እጅ ጤፍ ለአንድ እጅ ሩዝ ያዋጣል፤ እንጀራው ነጣ ይላል፣ ለዕለቱ ለስላሳ ነው። ሩዙ እኩል ከሆነ ግን በማግስቱ ይደርቃል፣ ሲጠቀልሉት ይሰባበራል። ዳጉሳ የሚቀላቅሉም አሉ፤ ቀለሙ ይጠቁራል እንጂ ሆድ ይይዛል። የቱ ይሻላል ለሚለው መልሱ ያለው ኪስና ልጆች ላይ ነው፤ ይህን ማመዛዘን ራሱ የመጋቢዋ የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ለ5 ኪሎ ዱቄት ግማሽ ሊትር ያህል እርሾ ይበቃል። ዱቄቱ በወንፊት ይነፋል፣ እርሾው ይጨመራል፣ ውኃው ጥቂት በጥቂት እየገባ ጓጉል እስኪጠፋ ይታሻል። አንዴ ብዙ ውኃ ያፈሰሰች ሴት ጓጉሉን ስታሳድድ ትውላለች። ሲያበቃ ከላዩ ቀዝቃዛ ውኃ ይፈስበትና ይከደናል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ሁለት ቀን ይበቃዋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ሦስት ቀን ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ክረምትና በጋ በአንድ ቀን ቆጠራ ያቦካሉ። በበጋ ሦስተኛ ቀን የቆየ ሊጥ ይሆመጥጣል፣ በክረምት በሁለተኛው ቀን የተጋገረ ደግሞ አፍለኛ ይሆናል። ቀን ከመቁጠር ይልቅ ሊጡን ማየት ይሻላል፤ ውኃው ከላይ ጠልሎ ብጫ ሲል፣ ሽታው ኮምጠጥ ሲል፣ አረፋው ወጥቶ ተመልሶ ዝቅ ሲል ደርሷል።

ቀጥሎ ያንን ብጫ ውኃ መቅዳት ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ እርሾ የሚሆን አንድ ብርጭቆ ተቀምጦ የቀረው ይደፋል። ከሊጡ ከአሥር አንድ እጅ ያህል ይወሰድና በሚፈላ ውኃ ላይ ይለቀቃል፤ ለ1 ሊትር ሊጥ ከ2 እስከ 3 ሊትር ውኃ። ሳያቋርጡ ማማሰል ነው፤ ይህ አብሲት ነው። ሲበስል ይወፍራል፣ ያብረቀርቃልም። የእንጀራ ልስላሴና ዓይን የሚያያዘው ከዚህ ነው። የበሰለው ዱቄት ውኃውን ይይዝና እንጀራው ሳይሰነጠቅ ይተጣጠፋል፤ ለእርሾውም አዲስ ምግብ ይሆነዋል፣ ሊጡ ዳግመኛ ኩፍ የሚለው በዚህ ነው። ጣት ችሎ እስኪቆይበት ሳይበርድ ወደ ቡሃቃው ከተመለሰ እርሾውን ይገድለዋል፤ እንጀራውም ድፍን ሆኖ ይቀራል። የቸኮለች ሴት እንጀራ ዓይን የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው እንጂ በጤፉ አይደለም። ከተቀላቀለ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይጠበቃል፤ ኩፍ ሲል ምጣድ ይጣዳል።

ምጣዱ አዲስ ከሆነ መሟሸት አለበት፤ በጎመን ዘር ደጋግሞ እያሰሱ ማጋል፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራዎች እንደሚበላሹ አስቀድሞ መቀበል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብ ከሌላ ምድጃ ጋር በአንድ መስመር ባይለኮስ ይሻላል። ብዙውን ኃይል የሚበላው ምጣዱ እስኪግል ያለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በሳምንት አራት ቀን ጥቂት ጥቂት ከመጋገር ሁለት ቀን በደንብ መጋገር ያዋጣል። ሊጡ ከዳር ጀምሮ እየዞረ ወደ መሐል ይፈሳል። ዓይኑ ወጥቶ ላዩ መርጠቡን ሲተው በአክንባሎ ይከደናል፤ ጠርዙ ከምጣዱ ሲነሣ በሰፌድ ይወጣል። ከ1 ኪሎ ዱቄት፣ እንደ ምጣዱ ስፋትና እንደ እጇ፣ ከ4 እስከ 6 እንጀራ ይወጣል። በትኩሱ የተደራረበ እንጀራ ላብ ያወጣል፣ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል፤ ለየብቻ በርዶ ሲደረብ ነው የሚሰነብተው። ምጣዱ ላይ ከተጣበቀ ወይ አልጋለም ወይ አልታሰሰም፤ ሲነሣ ከተሰነጠቀ አብሲቱ አንሷል ወይ ከእሳቱ ላይ ቆይቷል።

መብራት የሚጠፋው ሊጥ በደረሰ ቀን ነው፤ ይህን የማያውቅ የባሕር ዳር ሰው የለም። ዘዴው አብሲት አለመጣል ነው። የላዩን ውኃ ቀድቶ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ፣ ቡሃቃውን ጥላ ቦታ ማሳረፍ፣ ውኃውን ጠዋትና ማታ መለወጥ። አንድ ቀን እንዲህ ይቆያል። በእንጨት ለምትጋግር ደግሞ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ከማገዶውም በላይ ለሳንባዋ ነው፤ ሕፃን አዝላ ጭስ ውስጥ የምትጋግር እናት ልጁንም ራሷንም ትጎዳለች። ያ ሰዓት ልጁን ሌላ ሰው የሚይዝበት ሰዓት መሆን አለበት። አባት ካለ አባት።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት የምግብ አሠራር ለማስተማር ብዬ አይደለም፤ አብዛኞቻችሁ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። የሙቀት፣ የጊዜ፣ የመጠን፣ የገንዘብ እውቀት ነው፤ በየሳምንቱ የሚፈተን እውቀት ነው። ይህን የያዘች ሴት "ምንም አልሠራም" ስትል እውነት እየተናገረች አይደለም።

እናቶቻችን ሊጡ ላይ ሲያማትቡ ይህን ያውቁ ነበር። በስመ አብ ብለው ይጀምራሉ፣ ቡሃቃውን ባርከው ይከድናሉ። ሥራው ውስጥ ጸሎት የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ አብሲት የሚማሰልበት ጊዜ፣ ልጅ ጡት የሚጠባበት ጊዜ፣ ምጣዱ የሚግልበት ጊዜ። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው፤ የዕለቱን በቃሏ የያዘች እናት መጽሐፍ መግለጥ አያሻትም። ጨቅላ የያዘች ሴት የመነኩሴን ያህል ቆማ መጸለይ ስላልቻለች ራሷን የምትወቅስ ከሆነ የንስሐ አባቷን ታማክር፤ ለእሷ የሚሆን ልክ አለ። የሌላ ሰው ሥርዓተ ጸሎት እቤቷ አምጥታ መሸከም የለባትም።

የመጋቢዋ ችሎታ ከሁሉም በላይ የሚታየው በጾም ነው። ሰባት አጽዋማት አሉን፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፣ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ከበዓለ ሃምሳ፣ ከልደትና ከጥምቀት በቀር ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ። እንዲህ ያለ የቀን መቁጠሪያ ያለው ቤት ጓዳው አስቀድሞ ካልታሰበበት ጾሙ ረሀብ ብቻ ይሆናል። ሽሮው ከጾሙ መግቢያ በፊት ይሰናዳል። ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ ለየብቻ ይለቀማል፣ ለየብቻ ይታመሳል፤ የሚበስሉበት ጊዜ ይለያያልና። አንድ ላይ ከታመሰ አንዱ ያርራል ሌላው ጥሬ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሳላሳስብ የማላልፈው ነገር ጓያ ነው። ርካሽ ሽሮ ከጓያ ሊቀላቀል ይችላል። በጣና ሰሜንና ምሥራቅ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል፣ በክፉ ዓመት ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሰውን እግሩን ሽባ አድርጓል፤ ሽባነቱ ደግሞ አይመለስም። ጥቂቱ በሌላ እህል መካከል አይገድልም፤ አደጋው የዘወትር ምግብ ሲሆን ነው። ከቤት የሚገኘው ጓያ ከሆነ በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ቀቅሎም የቀቀሉበትን መድፋት መርዙን ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። ስለዚህ ሽሮ ከማይታወቅ ሰው ከመግዛት እህሉን ገዝቶ በራስ ማስፈጨት ለእኔ ግዴታ ነው።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አልበስል የሚለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር ማገዶን በብዙ ይቀንሳል። የጾም ጎመን ላይ ሎሚ ይጨመቅበት፤ በቅጠሉና በምስሩ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት የሚወስደው በሎሚው እርዳታ ነው። ቡና ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ከምግቡ ጋር ከተጠጣ ብረቱን ይይዘዋል። የዘጌን ቡና ከምሳው አንድ ሰዓት ያህል አሳልፎ መውቀጥ ምንም አያጎድልም፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት። ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር።

ሕፃናትስ? ሕፃን አይጾምም። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ወፍራም ገንፎ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የተፈጨ አትክልት ያስፈልገዋል። በእኛ ቤቶች የሚሆነው ግን ይታወቃል። ሁሉም ሲጾም የልጁ እንቁላል ይረሳል፤ ይበልጡን የሚረሳው በጭካኔ አይደለም፤ እናት የጾሙን ድስት እንዳታስነካ ስለምትፈራ ነው። መፍትሔው አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ማንኪያና አንድ ሳህን የሕፃኑ ብቻ አድርጎ ለብቻ ማጠብና ለብቻ ማስቀመጥ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ልጁ 55 ቀን ሙሉ ውኃ የበዛበት ሙቅ ብቻ ሲጠጣ ከመክረም ያድነዋል። የምታጠባዋና ነፍሰ ጡሯም ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራ ልኳን ትወቅ። የጾሙ ጌታ የልጇን ጡት ማድረቅ አልጠየቃትም።

ውኃን በተመለከተ አጭር ልበል። የጣና ዳር ቀንድ አውጣ ቢልሃርዚያ የተባለውን ጥገኛ ትል ያስተላልፋል። ልብስ ለማጠብም ሆነ ለመዋኘት ከሁሉ የከፋው ሰዓት እኩለ ቀን ነው፤ ጥገኛው ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ፀሐይ ስትበረታ ነውና። ልጆች ሐይቅ ገብተው እንዳይዋኙ መከልከል ያስለቅሳል፤ ግን መከልከል ነው። ከሐይቅ የተቀዳ ውኃ ለልብስና ለገላ የሚሆን ከሆነ ሁለት ቀን ተከድኖ ይቀመጥ፤ ጥገኛው እስከዚያ ይሞታል። የሚጠጣው ግን ይፈላል።

አሁን ጌታን በቤቷ ወደ ተቀበለችው ማርታ ልምጣ፤ ስለ ቤት ሥራ በተነሣ ቁጥር ማርታ ትነሣለች። ጌታ የወቀሳት ስለሠራች አይመስለኝም። በብዙ ነገር ስለታወከች ነው፤ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው አላት። የእኛ ብዙ ነገር ደግሞ ድግስ ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀን ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስትነሣ፣ ከወለደች ሦስት ወር ያልሞላት እናት አራት ዓይነት ወጥ ትሠራለች፣ ጠላ ትጠምቃለች፣ ሳምንት ሙሉ አትተኛም፣ ቤቱም ዕዳ ይገባል። ምሥጢሩ የተፈጸመው በጠዋቱ በቤተ ክርስቲያን ነው። የጽዋ ማኅበር ተራም እንዲሁ ነው፤ ዳቦና ጠላ፣ ቢበዛ አንድ ዓይነት ወጥ ብለው በአንድ ቃል የተስማሙ ማኅበርተኞች አባሎቻቸውን ከብድር ያድናሉ። ይህን መጀመሪያ መናገር የሚገባቸው በእድሜ ጠና ያሉት እናቶች ናቸው፤ ወጣቷ ብትል "ቆጠቆጣት" ትባላለች፣ እማማ ብትል ግን ሥርዓት ይሆናል።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ከትንሣኤ በኋላ ጌታ ሐይቅ ዳር ቆሞ እናገኘዋለን። ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሲያጠምዱ አድረው ደክመዋል፤ ወደ ምድር ሲወጡ ፍም፣ ዓሣና እንጀራ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል፣ "ኑ፣ ምሳ ብሉ" አላቸው። ሞትን ያሸነፈ ጌታ እሳት አንድዶ ለደከሙ ሰዎች ምግብ አሰናዳ። ቆሮሶና አምባዛ ከጀልባ እየወረደ ለምትቀበል፣ ሚዛን ላይ ብቻ ሳይሆን ስንጥቡ ቀይ መሆኑን፣ ዓይኑ አለመደፍረሱን ገልጣ ለምታይ የጣና ዳር እናት ይህ ወንጌል ሩቅ አይደለም። ባሏም ሊያነበው ይገባል፤ ምግብ ማቅረብ ወንድነትን የሚያጎድል ቢሆን ኖሮ ጌታ አያደርገውም ነበር።

መጽሐፈ ምሳሌ 31 ላይ ያለችው ልባም ሴት በየሠርጉ ትነበባለች፤ ብዙ ጊዜ የሚነበበው ግን ሌሊት መነሣቷና መብራቷ አለመጥፋቱ ነው። ያቺው ሴት እርሻ ተመልክታ ትገዛለች፣ ወይን ትተክላለች፣ ልብስ ሠርታ ትሸጣለች፣ በቤቷም አጋዦች አሏት። ምዕራፉ የሚዘጋው ደግሞ ለሰሚዎቹ ትእዛዝ በመስጠት ነው፤ ከእጇ ፍሬ ስጧት ይላል፣ ሥራዋም በአደባባይ ይመስገን ይላል። ስጧት የሚለውን ቃል በገንዘብ ለመተርጎም የምናፍር ይመስለኛል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በጋብቻቸው ጊዜ ደክመው የሚያገኙትን ገቢ የጋራ ሀብት ያደርገዋል፤ ደመወዙ በባል ስም ስለተከፈለ የባል ብቻ አይሆንም። በተግባር ይህ ምን ይመስላል ብትሉ፣ ደመወዝ በገባ ቀን ሁለቱ ቁጭ ብለው ጤፉን፣ ኪራዩን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የእድሩን ይጽፋሉ፤ ከቀረው በእሷ ስም፣ በእሷ ደብተር የሚገባ ድርሻ ይወጣል። ዕቁቧን ከአስቤዛው እየሸራረፈች በድብቅ የምትጥል ሴት ጥፋተኛ አይደለችም፤ ድርሻዋ በግልጽ ስላልተሰጣት ነው። ደግሞም የቤት አገልግሎት ክቡር ነው ማለት ውጭ የምትሠራ እናት ታናሽ ናት ማለት አይደለም። ዱላና ስድብን በትዕግሥት ስም መሸከምም በዚህ ውስጥ የለም፤ መጋቢ ይታዘዛል እንጂ አይደበደብም።

ዕረፍቷ እሑድ ነው፤ እሑድ የምታርፈው ግን ቅዳሜ ከተዘጋጀ ብቻ ነው። ቅዳሜ እንጀራው ይጋገራል፣ የወጡ ቁሌት ይቁላላል፣ የልጆቹ ነጠላ ታጥቦ ይታጠፋል፣ ለሚቆርቡት ልጆች ከቅዳሴ በኋላ የሚቀምሱት ዳቦና ውኃ በዘንቢል ይቀመጣል። ያን ምሽት ሥራው የአንድ ሰው መሆን የለበትም። የአራት ዓመት ልጅ ምስር መልቀም ይችላል፤ ጠጠሩን ማግኘት ጨዋታው ነው። ሰባት ዓመት የሞላው የበላበትን ሳህን ያጥባል፣ ሽንኩርት ይልጣል፣ ጫማዎቹን በተራ ይደረድራል። አሥራ ሁለት የሞላው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ 1 ኪሎ ዱቄት ሰፍሮ ማቡካት ይማር፤ መጀመሪያ ውኃ ያበዛል፣ ጓጉል ይተዋል፣ እጁን ሳይታጠብ ቡሃቃ ሊነካ ይሞክራል። በሦስተኛው ጊዜ ያስተካክለዋል። ወንዱን "ተው አንተ ውጣ፣ እህትህ ታድርገው" የሚሉ አክስቶች ቢመጡ እናት በአክብሮት፣ ግን ቆርጣ፣ "ይማር እትዬ፣ ተዪው" ትበላቸው፤ ልጁም እጁን ታጥቦ ይቀጥል።